ምዕራፍ አምስት፦ አሥራ አምስት ዘመዳሞች በአንድ ሐይቅ

ባሕር ዳር ላይ ዓሣ ሊገዛ የሚወጣ ሰው ሦስት ስሞች ይበቁታል፤ ቆሮሶ፣ አምባዛና ነጭ ዓሣ። ቆሮሶ ሥጋው ሙሉ፣ እሾኩ ጥቂት ስለሆነ ሁሉም ይሻማበታል። አምባዛ ቅርፊት ስለሌለው በሃይማኖቱ ምክንያት የማይነካው ሰው አለ፤ የሚወደው ደግሞ ከሌላው ሁሉ ያስበልጠዋል። ነጭ ዓሣ በእሾኩ ይታማል። ያም ሆኖ እሾኩ ወጥቶለት ዱለት ሲሆን የሚመልሰው የለም።

የዚህ ምዕራፍ ጉዳይ ሦስተኛው ነው። ገበያው በአንድ ስም የሚጠቀልለው ነጭ ዓሣ በእውነቱ አንድ ዓሣ አይደለም። ሳይንቲስቶች ላቤዮባርበስ በሚሉት ወገን ሥር ጣና ላይ 15 ትልልቅ ዝርያዎች ተለይተው ተመዝግበዋል፤ አብዛኞቹም ከጣና ውጭ በዓለም ላይ የትም አይገኙም። ዝምድናቸው የሩቅ አይደለም። ከአንድ ግንድ ወጥተው ገና በቅርቡ የተለያዩ ናቸው። የሚኖሩበት ሐይቅ ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም ጥልቀቱ አማካይ 8 ሜትር ብቻ ነው፤ እጅግ ጠለቀ በተባለበት ቦታም ከ14 ሜትር አይበልጥም። እንዲህ ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ይህን ያህል ዘመዳሞች ሳይጠፋፉ እንዴት አብረው ኖሩ? መልሱን ለምሁራን ብቻ ትተን የምናልፈው አይመስለኝም። ያ አብሮ መኖር ዛሬ እየፈረሰ ነው፤ የሚፈርሰውም ዓሦቹ ኑሯቸውን በከፈሉበት በዚያው ድንበር ላይ ነው።

ስለ ዘመዳም ዝርያዎች አብሮ መኖር ከቀደሙት ሙከራዎች ሁሉ ስሙ የገነነው የጌዮርጊ ጋውዝ ነው። ይህ ሩሲያዊ ባዮሎጂስት እ.ኤ.አ. በ1934 ባሳተመው መጽሐፍ ፓራሚሲየም በሚባሉ፣ በአጉሊ መነጽር በሚታዩ የውሃ ነፍሳት ላይ ያደረገውን ሥራ አቀረበ። ሁለት ዝርያዎችን በአንድ ብልቃጥ አድርጎ አንድ ዓይነት ምግብ ሲሰጣቸው አንደኛው እየበዛ ሄደ፤ ሌላው ጠፋ። በኋላ ዝርያዎቹን ቀይሮ ሲሞክር ግን ሁለቱም ሰነበቱ። ልዩነቱ ምን ነበር? በሁለተኛው ብልቃጥ አንዱ ዝርያ ከላይ የተንሳፈፈውን ባክቴሪያ ሲበላ፣ ሌላው ከታች የዘቀጠውን እርሾ ይመገብ ነበር። በአንዲት ጠርሙስ ውስጥም ቢሆን ላይና ታች ተለይቶ መኖር ይቻላል ማለት ነው።

ጣናን ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። የአባታቸውን መሬት የሚካፈሉ ወንድማማቾች አንዱ ደጋውን፣ አንዱ ቆላውን፣ አንዱ የወንዙን ዳር ይዞ እንደሚያርስ ሁሉ ዓሦቹም ሐይቁን ተካፍለውታል። የዓሦቹ ክፍፍል ግን ከመሬት ክፍፍል ይልቅ ይረቃል። በቦታ ብቻ አልተወሰነም። በጥልቀት፣ በምግብ፣ በአፍ ቅርጽ፣ በመራቢያ ቦታና በመራቢያ ሳምንትም ተካፍለዋል። በአንዱ የተገናኙት በሌላው ይለያያሉ።

ክፍፍሉ ረጅም ዕድሜ የለውም። ከሐይቁ ወለል በተወሰደ ደለል ላይ የተመሠረተና እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት እንዳሳየው ጣና ከ18,700 እስከ 16,700 ዓመታት በፊት በነበረው ዘመን ደርቆ ነበር። ውሃው ተመልሶ ሞልቶ ወደ ዓባይ መፍሰስ የጀመረው ከ15,000 ዓመት በፊት ገደማ ነው። በዝርያ ታሪክ ይህ የትናንት ያህል ነው። ወንዝ ውስጥ የቀሩ ዓሦች አዲስ የሞላ ሐይቅ አገኙ፤ ክፍቱን ውሃ፣ ዐለታማውን ዳርቻ፣ የደንገሉን ሥር፣ የጭቃውን ወለል የያዘ ተቀናቃኝ አልነበረም።

ተቀናቃኝ ያልነበረበት ምክንያት ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ወረድ ብሎ ይታያል። ጢስ እሳት ወይም ጢስ ዓባይ የምንለው ፏፏቴ ከ40 ሜትር በላይ ይወርዳል። በታችኛው ናይል ውስጥ ናይል ፐርች እና ነብር ዓሣ የሚባሉ፣ ሌላ ዓሣ እያደኑ የሚኖሩ ጥርሰኛ አዳኞች ሞልተዋል። አንዳቸውም ያንን ገደል ወጥተው ጣና አልደረሱም። ቱሪስት ፎቶ የሚያነሳው ፏፏቴ ለነጭ ዓሣ የቤቱ በር ነበር፤ በሩ ተዘግቶ ስለቆየም ከውስጥ ያሉት የአዳኙን ሥራ ራሳቸው ተማሩ።

ዝርያዎቹን የመለየቱ ሥራ ብዙ ወጣ ገባ አለው። የፍራንክፈርት ተወላጁ ኤድዋርድ ሩፔል እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ መጀመሪያ ኢትዮጵያን ጎብኝቶ ከጣና የሰበሰባቸውን ዓሦች ሲገልጽ ነድጂያ፣ ጎርጓሪ፣ ሱርኪስ የሚሉ የዝርያ ስሞችን በሳይንስ መዝገብ አሰፈረ። ከእሱ በኋላ የዓሣ ሊቁ ቡሌንዠር በ20ኛው ክፍለ ዘመን መግቢያ፣ ጣሊያናዊው ቢኒ በ1940 ተጨማሪ ዝርያዎችን ገለጹ። በ1973 ደግሞ የብሪታንያው የዓሣ ሊቅ ኪት ባኒስተር ባርበስ የሚባሉትን የምሥራቅ አፍሪካ ትልልቅ የነጭ ዓሣ ዘመዶች ሲመረምር የጣናዎቹን ሁሉ ጠቅልሎ አንድ ዝርያ፣ ኢንተርሚዲየስ አላቸው። የቅርጻቸው ልዩነት ለእሱ የአንድ ዝርያ መለዋወጥ ነበር።

ባኒስተርን ለመውቀስ አልቸኩልም፤ በሙዚየም ጠርሙስ ውስጥ ያለ ዓሣ የት እንደሚውልና መቼ እንደሚራባ አይናገርም። ይህን ለማወቅ ሐይቁ ላይ መቆየት ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ከኔዘርላንድስ ዋግኒንገን ዩኒቨርሲቲ የመጡት ሌዮ ናገልከርከ እና ፈርዲናንድ ሲቢንግ ባሕር ዳር ተቀምጠው ያደረጉት ይህንኑ ነው። ዓሦቹን በተለያየ ቦታና ጥልቀት ያዙ፣ አካላቸውን ለኩ፣ ሆዳቸውን ከፍተው የበሉትን መዘገቡ። በ1997 ሰባት አዳዲስ ዝርያዎችን ገለጹ፤ በ2000 አንድ ጨመሩ። ቁጥሩ 15 የደረሰው በዚህ መንገድ ነው። ማርቲን ደ ግራፍ በአዳኞቹ ላይ፣ ኢትዮጵያዊው እሸቴ ደጀን በትንንሾቹ ባርበሶች ላይ የዶክትሬት ሥራቸውን በ2003 አጠናቀቁ። ዋሴ አንተነህና አበበ ጌታሁን ደግሞ ዓሦቹ ለመራባት የሚወጡባቸውን ወንዞች ተከታትለው አጥንተዋል። ስለ ጣና ዓሣ ዛሬ የምናውቀው አብዛኛው ነገር የተገኘው በእነዚህና በባልደረቦቻቸው ድካም ነው።

ወደ ምግቡ እንግባ፤ ክፍፍሉ ጎልቶ የሚታየው እዚህ ላይ ነው።

ብሬቪሴፋለስ የተባለው አጭር ጭንቅላት ያለው ዝርያ ከዘመዶቹ ሁሉ ያንሳል። ውሎው ክፍት ውሃ ውስጥ ነው፤ በውሃው ላይ የሚንሳፈፉትን ደቃቅ ነፍሳት እያጣራ ይበላል። ነድጂያ ከንፈሩ ወፍራምና ሥጋማ ነው። ዐለታማ ዳርቻ ላይ ከድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ የነፍሳት እጮችን እየሳበ ለማውጣት ያ ከንፈር ይረዳዋል። ጎርጎሬንሲስ ቀንድ አውጣና የውሃ ተክል ይመገባል። ቀንድ አውጣ ለመብላት ዛጎሉን መስበር ግድ ነው፤ የሚሰብረውም ጉሮሮው ውስጥ ባሉ ጥርሶች ነው። ሱርኪስ ወደ ተክሉ ያዘነብላል። ክራሲባርቢስ በአፉ ዙሪያ ያሉት ጢሞች ወፍራም ናቸው፤ ጭቃውን እየዳሰሰ የወለሉን ነፍሳት ይለቅማል። ኢንተርሚዲየስ፣ ባኒስተር ለሁሉም ስም አድርጎ የሰጠው፣ ያገኘውን የሚበላ የዳርቻ ዓሣ ነው። ከወንዝ የመጣው የጥንቱ ቅድመ አያት ምን ይመስል እንደነበር መገመት የሚፈልግ ሰው ወደ እሱ ቢመለከት ብዙም አይስትም።

ከ15ቱ ስምንቱ ዓሣ በል መሆናቸው ግን ከሁሉ ይደንቃል። የባርበስ ቤተሰብ ለአደን የተሠራ አይደለም። አፋቸው ላይ ጥርስ የለም። ሆዳቸው እንደ ሌሎች አዳኞች ጨጓራ የለውም፤ ምግቡ በቀጥታ ወደ አንጀት ይገባል። ያላቸው ጥርስ ጉሮሮ ውስጥ ስለሆነ የያዙትን ማኘክ የሚችሉት ከዋጡት በኋላ ነው፤ የጉሮሮው መተላለፊያ ደግሞ ጠባብ ነው። ስለዚህ ከራሳቸው አካል አንጻር በጣም ትንሽ የሆነ ዓሣ ብቻ ነው የሚያድኑት። በሌላ ውሃ ውስጥ፣ ጥርሰኛ አዳኝ ባለበት፣ እንዲህ ያለ አዳኝ ቦታ አያገኝም ነበር። ጣና ላይ ግን ቦታው ባዶ ስለነበር ስምንት ጊዜ ተያዘ።

ስምንቱም ዓሣ ይበሉ እንጂ አደናቸው አንድ አይደለም። ዳይኔሊ እና ጎርጓሪ ጥልቀት የሌለውን ዳርቻ ያዘወትራሉ። ትሩቲፎርሚስ እና ሎንጊሲመስ ሰውነታቸው ረዘም ቀጠን ያለ ነው፤ ክፍት ውሃ ውስጥ እያሳደዱ የሚይዙ ናቸው። አኩቲሮስትሪስ አፈ ሹል ነው። ማክሮፍታልመስ ትልቅ ዓይኑ ከሩቅ ያስታውቀዋል። ሜጋስቶማ፣ ስሙ እንደሚለው አፈ ሰፊ፣ ከዳርቻ ራቅ ብሎ ያድናል፤ ፕላቲዶርሰስ ወደ ወለሉ ቀረብ ይላል። አዳኝነት በአንድ ሙያ ስም ይጠራ እንጂ በውስጡ ሌላ ክፍፍል አለው።

አዳኞቹ በዳርቻና በክፍት ውሃ የተለዩበት ምክንያት በከፊል በሚያድኗቸው ላይ ነው። ጣና ውስጥ የሚኖሩ፣ ከ10 ሴንቲ ሜትር የማይበልጡ ትንንሽ ባርበሶች አሉ። ሁለቱ እጅግ ይመሳሰላሉ፤ ታናፔላጂየስ የተባለው ራሱን የቻለ ዝርያ መሆኑ የታወቀውና ስም የወጣለት እ.ኤ.አ. በ2000 ነው። ሁሚሊስ ዳርቻ ዳርቻውን ይኖራል፤ ወለል ላይ ያሉ ነፍሳትንም ተንሳፋፊውንም ይበላል። ታናፔላጂየስ ቀጠን ያለ የክፍት ውሃ ዓሣ ነው፤ ኑሮው ከተንሳፋፊ ነፍሳት ጋር የተያያዘ ነው። ለአዳኞቹ ዋነኛ ቀለብ እነዚህ ናቸው። ሁለቱ ትንንሾች ሐይቁን ዳርና መሐል ብለው ስለተካፈሉት በላያቸው ያሉት ትልልቆችም ዳርና መሐል የሚለውን ድንበር ተከትለዋል። አንዱ ክፍፍል ሌላውን ይወልዳል፤ ከታች የፈረሰም ወደ ላይ ይዘልቃል።

እስከ አሁን ያየነው ውሎአቸውን ነው። ይሁንና ሁለት ዓሦች በተለያየ ቦታ ስለበሉ ብቻ ሁለት ዝርያ አይሆኑም። የሚለያቸው የመራቢያ ቦታቸው ነው፤ ለመራባት ከተቀላቀሉ ልዩነታቸው በጥቂት ትውልድ ይጠፋል። የባኒስተርና የናገልከርከ ክርክር እልባት ሊያገኝ የሚችለውም እዚሁ ላይ ነበር።

ክረምት ሲገባ፣ ከሐምሌ ጀምሮ፣ የሐይቁ ዓሦች ወደ ወንዞች አፍ ይሰበሰባሉ። ከጉና ተራራ የሚመነጩት ጉማራና ርብ በፎገራ ሜዳ አልፈው ከምሥራቅ ይገባሉ፤ መገጭና ድርማ ከጎንደር በኩል ከሰሜን፣ ግልገል ዓባይ ከሰከላ ከደቡብ። ከ15ቱ ዝርያዎች ሰባት ያህሉ እነዚህን ወንዞች ሽቅብ ወጥተው ይራባሉ። ስደቱ የሚበረታው በነሐሴና በመስከረም ሲሆን እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። የተቀሩት ግን በወንዝ ላይ በተደረጉ ጥናቶች አልታዩም፤ በሐይቁ ውስጥ ወይም በዳርቻው ረግረግ እንደሚራቡ ይታመናል። የመጀመሪያው ድንበር እንግዲህ ይህ ነው፤ ወንዝ የሚወጡና ሐይቅ የሚቀሩ።

ወንዝ የሚወጡት ሰባቱ በተራቸው ድንበር አላቸው። ዋናው ወንዝ በክረምት ጎርፍ የደፈረሰ ስለሆነ እንቁላል ለመጣል አይመችም። ዓሦቹ የሚፈልጉት ውሃው ጠራ ያለ፣ ኦክስጅን የጠገበ፣ ወለሉ ጠጠር የሆነ ገባር ነው፤ እንቁላሉ በጠጠሩ መካከል ይቀመጣል፣ ውሃ ሲያልፍበት ይተነፍሳል። ወደዚያ የሚሄዱት ሁሉም በአንድ ሳምንት አይደለም። ጉማራ ላይ የተደረገው ክትትል እንዳሳየው አንዱ ዝርያ ቀድሞ ይወጣል፣ ሌላው ይከተላል፤ መደራረብ ቢኖርም ጊዜያቸው አንድ አይደለም። በአንድ ገባር፣ በአንድ ጠጠር ላይ፣ እያንዳንዱ የራሱ ሳምንት አለው። ዘረ መላቸው እጅግ የተቀራረበ እነዚህ ዓሦች እንዳይቀላቀሉ ከጠበቋቸው ነገሮች አንዱ ይህ የተራ አወጣጥ ነው።

በዓለም ላይ በሌላ ቦታ እንዲህ ያለ ክፍፍል በሙከራ ተፈትኗል። በአውስትራሊያ ጫካ አንቴኪነስ የሚባሉ፣ መልካቸው አይጥ የሚመስል ነገር ግን የካንጋሮ ዘመድ የሆኑ ትንንሽ እንስሳት አሉ። ሁለት ዝርያዎች በአንድ ጫካ ይኖራሉ፤ አንዱ ገዘፍ ያለ፣ አንዱ ቀለል ያለ። ክሪስ ዲክማን የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተመው ሥራ ትልቁን ዝርያ ከአንዳንድ ቦታዎች አንስቶ ተመለከተ። ትንሹ በዛ፤ ቀድሞ የትልቁ ወደነበረው ሰፈርም ገባ። ትንሹን ሲያነሳ ግን ትልቁ ላይ የታየው ለውጥ ያን ያህል አልነበረም። ከሁለቱ ዘመዳሞች አንዱ ድንበሩን ይጠብቅ የነበረው በጉልበት፣ ሌላው በመሸሽ ነበር ማለት ነው።

ጣና ላይ አንድን ዝርያ ከሐይቁ አውጥቶ ቀሪዎቹን መመልከት የሚችል ተመራማሪ የለም። ነገር ግን ያንኑ ሙከራ የአጥማጆች መረብ እያደረገው ነው፤ ማንም ሳያቅደው።

ለዘመናት የጣና ዓሣ ማጥመድ የደንገል ታንኳ ሥራ ነበር፤ በተለይ የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ የተካነበት። ታንኳ ከዳርቻ ብዙም አይርቅም፤ የሚይዘውም ውስን ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 በኔዘርላንድስ የረድኤት ድርጅቶችና በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ትብብር የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ገባ። ዓላማው የዳርቻውን ሕዝብ ኑሮ ማሻሻል ነበር፤ ለብዙ ቤተሰብም እንጀራ ሆኗል። ጀልባው ግን ታንኳ የማይደርስበት ደረሰ፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ወደ ወንዞቹ አፍ፣ በክረምት።

ለዓሣ አጥማጅ ያ ቦታ በረከት ነው። ዓመቱን ሙሉ በሰፊው ሐይቅ ላይ ተበትኖ የኖረው ዓሣ በነሐሴ ራሱ ተሰብስቦ ይመጣል፤ እንቁላሉን እንደያዘ። መረብ በወንዙ አፍ ላይ ከተዘረጋ በአንድ ሌሊት የሚገኘው በሌላ ወር ሳምንት ይፈጃል። ለዓሣው ግን ያ ቦታ ሰባት ዝርያ የሚያልፍበት ብቸኛ በር ነው። ውሎውን በጥልቀት፣ በምግብ፣ በዳርና በመሐል የተካፈለ ሁሉ እዚህ ላይ ይገናኛል። ክፍፍሉ በሐይቁ ውስጥ ያተረፈውን በወንዙ አፍ አንድ መረብ ይወስደዋል። የደ ግራፍና የባልደረቦቹ ጥናት እንዳሳየው እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 በነበሩት 10 ዓመታት የነጭ ዓሣው መጠን በ75 በመቶ ቀንሷል፤ ምክንያቱም በአብዛኛው በመራቢያ ወቅት በወንዞች አፍ የሚደረገው ማጥመድ መሆኑ ተገልጿል። ቆሮሶ በዚያው መረብ፣ በዚያው ሐይቅ ውስጥ እንዲህ አልወደቀም። ቆሮሶ ወደ ወንዝ አይሰደድም።

ከወንዙ አፍ ያመለጠውን ወደ ላይ ሌላ አደጋ ይጠብቀዋል። የብርብራ ፍሬ ተወቅጦ ገባሩ ውስጥ ሲበተን ውሃው ውስጥ ያለውን ሁሉ ያደነዝዛል፤ ሮተኖን የተባለው ንጥረ ነገር ዓሣው ኦክስጅንን እንዳይጠቀም ያደርገዋል። ትልቁን፣ ትንሹን፣ ገና የተፈለፈለውን አይለይም። ለአንድ ቀን ወጥ የሚሆን ዓሣ ለማግኘት የዓመት ትውልድ የሚጠፋበት መንገድ ነው፤ ከዘዴዎቹ ሁሉ በዚህኛው ላይ ትዕግሥት የለኝም።

ሌሎቹ ጉዳቶች ዝግ ያሉ ናቸው። ከተራራው የሚታጠበው አፈር ጠጠሩን በደለል ይሸፍናል፤ እንቁላል በደለል ሥር አይተነፍስም። ለግንባታ የሚወሰደው አሸዋና ጠጠር መራቢያውን ራሱን ይወስደዋል። ውሃው ሲሸሽ የሚታረሰው የባሕር ሸሽ መሬት የዳርቻውን ደንገልና ረግረግ አጥብቦታል፤ በዚያ የሚያድጉት ጫጩቶችና በዚያ የሚራቡት ዝርያዎች መጠለያ ያጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2011 በሐይቁ ላይ የታየው እምቦጭ አረም በዚያው በዳርቻ ላይ ይንጣለላል። በርብ ወንዝ ላይ እንደተሠራው ያለ ግድብ ደግሞ ለመስኖ ያለው ጥቅም የማይካድ ቢሆንም ሽቅብ ለሚወጣ ዓሣ ግድግዳ ነው።

ስለ ድፍርስ ውሃ የቪክቶሪያ ሐይቅ ታሪክ የሚያስተምረን አለ። እዚያ በመቶዎች የሚቆጠሩ ትንንሽ ዓሦች ዘመዳቸውን የሚለዩት በቀለም ነበር፤ ሴቷ የራሷን ዝርያ ወንድ በቀለሙ ትመርጣለች። ኦሌ ዚሃውዘንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1997 እንዳሳዩት ውሃው ሲደፈርስ ቀለሙ አይታይም፣ ምርጫው ይሳሳታል፣ ዝርያዎቹም ይደባለቃሉ። ማንም ሳይበላቸው፣ ማንም ሳይይዛቸው፣ ድንበራቸው በመጥፋቱ ብቻ የጠፉ አሉ። የጣና ዓሦች በቀለም ሳይሆን በወንዝና በሳምንት ይለያያሉ። መራቢያ ጠጠሩ ከጠበበና ሁሉም በቀረችው ጥቂት ቦታ ላይ ከተጨናነቁ ግን ለየብቻ መራባታቸው እንደሚፈተን ለማንም ግልጽ ነው።

ከጣና ጋር በቅርብ የሚነጻጸረው ግን ቪክቶሪያ አይደለም። በፊሊፒንስ ሚንዳናው ደሴት ላናኦ የሚባል ሐይቅ አለ። በዚያም ከባርበስ ቤተሰብ የሆኑ፣ ከአንድ ግንድ የተገኙ ወደ 20 የሚጠጉ ዝርያዎች ሐይቁን ተካፍለው ይኖሩ ነበር። በማጥመድ ብዛትና ከውጭ በገቡ ዓሦች ምክንያት ዛሬ አብዛኞቹ ጠፍተዋል። በዓለም ላይ በአንድ ሐይቅ ውስጥ እንዲህ የተበራከተ፣ አሁንም በሕይወት ያለ የባርበስ ዘመዳም ስብስብ የጣናው ብቻ ነው። የሩሲያና የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች በገናሌ ወንዝ ተመሳሳይ ክፍፍል በአነስተኛ መጠን አግኝተዋል፤ ያም የላቤዮባርበስ ወገን ባለበት ሁሉ ይህን የመሰለ ዕድል ይዞ እንደሚሄድ ያሳያል። ሐይቅ የሚያህል ስፋት ያገኘው ግን እዚህ ነው።

የፌዴራል መንግሥት የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315ን በ1995 ዓ.ም. ካወጣ ከሁለት ዐሥርት ዓመታት በላይ ሆኖታል። ጣና በ2015 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት ተመዝግቧል። በወረቀት ላይ ጥበቃው አለ። ወንዙ አፍ ላይ ግን ውሳኔው በነሐሴ ሌሊት መረብ በያዘው ሰው እጅ ነው፤ እሱም የሚያጠምደው ገዢ ስላለው ነው። ዓሣ አጥማጁን ብቻ ከሰን የምናልፈው ጉዳይ አይደለም። ቤተሰቡ በዚያ መረብ የሚተዳደር ሰው ክረምቱን እንዲተው የሚጠየቀው ሌላ ነገር ሲሰጠው ነው፤ ያም የክልሉና የዩኒቨርሲቲዎቹ፣ የምርምር ማዕከላቱና የአጥማጆች ማኅበራት ሥራ ነው። የመራቢያ ገባሮቹን ስም ዝርዝር፣ የስደቱን ሳምንታት፣ የትኛው ዝርያ የት እንደሚወጣ ተመራማሪዎቹ ሰጥተውናል። ቀሪው መተግበር ነው።

ለአንባቢ የሚቀርለት ሥራም አለ። ከሐምሌ አጋማሽ እስከ ጥቅምት መጀመሪያ ባለው ጊዜ ባሕር ዳር፣ ጎንደር ወይም አዲስ አበባ ሆናችሁ ዓሣ ስትገዙ፣ በፍልሰታ ጾም ዓሣ የምትመገቡ ብትሆኑም፣ ነጭ ዓሣውን ተዉትና ቆሮሶውን ጠይቁ። ሻጩ ለምን ሲላችሁ ዓሣው አሁን ወደ ጉማራ እየወጣ ነው፣ እንቁላል ይዟል በሉት።